ሳይሰበር ሞተ የተባለው ስልክ

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የተሰነጠቀውን የስልኬን መስታወት ላስቀይር ወደ አንድ የስልክ መደብር ጎራ አልኩ። መደብሩ ጠባብ ነው፤ ሁለት ገዢ ጎን ለጎን ከቆመ ሦስተኛው ደረጃው ላይ ሆኖ ተራውን ይጠብቃል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የስልክ ልባስ ተንጠልጥሎበታል፤ ከመስታወቱ ጠረጴዛ ሥር አዳዲስ ስልኮች ከነካርቶናቸው ተደርድረዋል። ገና እግሬን ከማስገባቴ የማውቀው ድምፅ ተቀበለኝ።

«ማን ነው የሞተው? ይኸው ይበራል፣ ይደውላል፣ ይናገራል! አንተ ልጅ፣ በቁሙ ያለውን ሬሳ ትለዋለህ?»

ድምፁ የጋሽ ጓጉንቸር ነበር። ጋሽ ጓጉንቸር ከክሊኒኬ ጎን ባለች ትንሽ ሱቅ ቁልፍ ሲቀርጹ የኖሩ አዛውንት ናቸው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ለሙያቸው ብቻ አይደለም፤ በሰው ቤት ገብተው ያዩትን ከአፋቸው የሚያወጣ መክፈቻ ስላልተገኘም ጭምር ነው። እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝና ባገኙኝ ቁጥር፣ «ዶክተር፣ እርስዎ ጥርስ ሲሞርዱ ባለቤቱ ይጮኻል፤ እኔ ስሞርድ ግን ባለቤቱ ቆሞ ያመሰግነኛል» እያሉ ይቀልዱብኛል። የዚያን ቀን ግን ቀልድ የሚባል ነገር ፊታቸው ላይ አልነበረም።  አጠገባቸው ልጃቸው እጇን አጣምራ ቆማለች፤ እሷ የአንድ ባንክ ኮምፒዩተሮችን ከሌባ የምትጠብቅ ባለሙያ ናት። ሻጩ ከጠረጴዛው ወዲያ ሆኖ ላቡን ይጠርጋል።

«ጋሼ፣ ሞተ ስልዎት ተሰበረ ማለቴ አይደለም» አለ ሻጩ። «ፋብሪካው ትቶታል ማለቴ ነው። ከእንግዲህ ማሻሻያ አይላክለትም። ምን ላድርግልዎት?»

«ምን ሆናችሁ ነው?» ብዬ ገባሁ።

አዛውንቱ ሲያዩኝ አንገታቸውን ደፉ። ይህ ገረመኝ፤ ጋሽ ጓጉንቸር ሰው አይተው አንገት የሚደፉ አልነበሩምና። የሆነውን የነገረችኝ ልጃቸው ናት።

ከሳምንት በፊት የአንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ተዘርፏል። ሴትዮዋ የምትተዳደረው ቤቷ ውስጥ በተከለቻቸው ሦስት የስፌት መኪናዎች ነው። የታመመች እህቷን ጠይቃ ስትመለስ በሩ እንደተቆለፈ ነው፤ ከፍታ ስትገባ ግን መኪናዎቹም፣ የደንበኞቿ ጨርቅም የሉም። መዝጊያው አልተሰበረም፤ መስኮቱ አልተነካም። የቤቱን ቁልፍ ቅጂ የቀረጹላት ጋሽ ጓጉንቸር ብቻ ስለሆኑ ፖሊስ መጥቶ ከሱቃቸው ወሰዳቸው። ዕድሜ ልካቸውን ለሰፈሩ በር ሲያበጁ የኖሩ ሰው በሰፈሩ ፊት ታጅበው ሄዱ። እግዜር ይመስገን፣ ሌባው ወዲያው ተያዘና እሳቸው ተለቀቁ። የሌባው ስልክ ሲፈተሽ ግን በውስጡ የቁልፍ ፎቶ ሞልቶ ተገኘ፤ ሁሉም ከጋሽ ጓጉንቸር ስልክ የተወሰዱ ናቸው።

«የአባዬ ደንበኞች ሲቸኩሉ የቁልፋቸውን ፎቶና አድራሻቸውን ይልኩለታል» አለች ልጅቱ። «ፎቶውን አይቶ ተመሳሳዩን ቁልፍ ያዘጋጃል፤ ከዚያ ሄዶ በሩ ላይ ያስተካክለዋል። ጥርሱ በግልጽ የሚታይበት ፎቶ ለሚያውቅበት ሌባ እንደ ቁልፉ ነው።»

«የእኔም ክሊኒክ...» ብዬ ጀመርኩ።

«የእርስዎም አለበት፣ ዶክተር» አሉ ጋሽ ጓጉንቸር ቀና ሳይሉ። «ለዚህ ነው ፊትዎን ማየት ያቃተኝ።»

 በማደንዘዣ መድኃኒትና በዕቃ የተሞላ ክሊኒኬን ማን ሲያየው ከርሞ ይሆን? ቢሆንም ቁጣዬ በማን ላይ እንደሚያርፍ ገና አላወቅሁም ነበር። ብዙዎቻችን እንደዚህ ነን፤ ጥፋት ሲደርስብን መጀመሪያ የምንቆጣው በቅርብ ባገኘነው ሰው ነው።

ጋሽ ጓጉንቸር በድንገት ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እኔ ግን አሁንም አልገባኝም። ይህ ስልክ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም። ስተኛ ትራሴ ሥር ነው። ሌባ እጁን ሳያስገባ ከኪሴ ውስጥ እንዴት ይሰርቃል? ፖሊሶቹም አንቺም የምትሉኝ የጠንቋይ ወሬ ነው።»

«የጠንቋይ ወሬ አይደለም፣ አባዬ» አለች። «እስቲ በሙያህ ልጠይቅህ። በገበያ ላይ ያለ አንድ ዓይነት የበር ቁልፍ አለ እንበል። ጠንካራ ነው፣ ሁሉም ሰው ገዝቶታል። አንድ ቀን ግን አንድ ሌባ በሆነች ቀጭን ሽቦ እንዲህ ጠምዘዝ ሲያደርገው እንደሚከፈት አወቀ። የዚያ ዓይነት ቁልፍ ያለው ቤት ሁሉ ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል! ሁሉም ክፍት ነው እንጂ። ዘግተው የተኙ ይመስላቸዋል።»

«ቁልፉ ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም። እንደ ድሮው ይዘጋል፣ ይከፈታል።»

«ስልክህም እንደዚያው ነው። አልተሰበረም፤ ሌቦች የሚያውቁት ቀዳዳ ግን አለበት። አንድ ቀን ከማታውቀው ሰው የቁልፍ ፎቶ ተልኮልህ ከፍተህ አይተኸዋል። ፎቶው ባዶውን አልመጣም፤ ሰላይ አዝሎ ነው የመጣው። ሰላዩ በቀዳዳው ገባ። በሌሎች ስልኮች ይህ ቀዳዳ ከተደፈነ ቆይቷል፤ ፋብሪካዎቹ ማሻሻያ ልከው ደፍነውታል። አፕዴት የሚሉት እሱ ነው። ጌጥ አይደለም፣ አዲስ ሥዕል መለጠፍ አይደለም። የተነቃበትን ቁልፍ መቀየር ነው።»

አዛውንቱ ስልኩን አገላብጠው አዩት፤ ልክ የማያውቁት ሰው በር ላይ ቆሞ እንዳገኙ ሁሉ።

«እኔኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አፕዴት ማለት የስልክ ነጋዴ ብልጠት ይመስለኝ ነበር። ‹በኋላ› የሚለውን እየነካሁ አሳልፈው ነበር። ያልተበላሸ ነገር አይነካካም እል ነበር። ይሄን ጥፋቴን እቀበላለሁ።» ከዚያ ግን ድምፃቸው ተቀየረ። «አንቺ ከጨቀጨቅሽኝ ወዲህ ግን በየእሑዱ እጠይቀዋለሁ። አዎ፣ ራሴ! ኑ እዩ፤ ዶክተር፣ እርስዎም ይዩ!»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና በወፍራም ጣታቸው ማስተካከያውን ከፈቱ፤ «ማሻሻያ ፈልግ» የሚለውን ነኩ። መስታወቱ ላይ አንዲት ክብ ትንሽ ተሽከረከረች። ከዚያ በአረንጓዴ ምልክት ታጅቦ ጽሑፉ ወጣ፤ «ስልክዎ ወቅታዊ ነው።»

«አነበባችሁ?» አሉ። «ወቅታዊ ነው ይላል! ምንም የቀረህ የለም፣ ተኛ ይለኛል! በየእሑዱ ስጠይቀው በየእሑዱ እንዲህ ይለኛል። እኔ አላዋቂ ነኝ፤ እሺ። ግን ጠየቅሁ እኮ! የጠየቀን ሰው መዋሸት ምን ይባላል?»

 ልጅቱ አገጯን ዳሰሰች።

«ቃል በቃል ሲታይ ውሸት አይደለም፣ አባዬ። ለዚህ ስልክ ከተላከው ሁሉ የቀረው የለም ማለቱ ነው። ከእንግዲህ የሚላክ ስለሌለ...»

«ታዲያ ‹ከእንግዲህ አልጠብቅህም› ብሎ አይነግረኝም? ለዚህ ፊደል አነሰው? የሠፈራችን ዘበኛ ሥራውን ትቶ ሲሄድ ‹ትቻለሁ፣ ሌላ ፈልጉ› ይላል። ትቶ ሄዶ በሩ ላይ ‹ዘበኛ አለ› ብሎ የሚለጥፍ ግን የሌባው አጋዥ ነው!»

እዚህ ላይ እኔም ደሜ ፈላ። የመጨረሻው የደህንነት ማሻሻያ የተላከበትን ቀን እንድታሳየኝ ልጅቱን ጠየቅኋት። ጋሽ ጓጉንቸር ስልኩን ከዚሁ መደብር ከነፕላስቲኩ አዲስ ሆኖ ከገዙት ሦስት ዓመት አልሞላውም። የመጨረሻው ማሻሻያ የመጣው ግን በገዙት በአምስተኛው ወር ነው። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም።

«ይህ እንዴት ይሆናል?» አልኩት ሻጩን። «ለአምስት ወር ብቻ ነው የሸጥክላቸው?»

«ፋብሪካው የሚቆጥረው ሰው ከገዛበት ቀን አይደለም፣ ዶክተር» አለ ሻጩ ዓይኑን እያሸሸ። «የስልኩ ዓይነት መጀመሪያ ገበያ ከወጣበት ቀን ነው። አስመጪው ጋ ቆይቶ፣ እኔም ጋ መደርደሪያ ላይ ቆይቶ... ዕድሜው ያለቀው እዚያ ነው።»

«አንተ ይህን ታውቅ ነበር?» አሉ ጋሽ ጓጉንቸር።

«የጠየቀኝ የለም፣ ጋሼ።»

«ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱት። «ምን ብዬ ልጠይቅህ? የማላውቀውን እንዴት እጠይቃለሁ?»

ልጅቱ የአባቷን ክንድ ያዘች። «አባዬ፣ ራስህን አታሳምም። ዘመኑ እንደዚህ ነው። ፋብሪካም አሮጌ ስልክ ለዘላለም ሊጠግን አይችልም፤ መሐንዲስ ይፈልጋል፤ በየስልኩ ዓይነት መሞከር ይፈልጋል፤ ውስጡ ያለችውን ቺፕ የሚሠራው ሌላ ኩባንያ ነው፣ እሱም ሲተዋት ሥራው ይከብዳል። ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ቀይር› ያልኩህ ለዚህ ነው። አዲስ እንግዛና ይብቃ።»

«ለዘላለም አላልኩም!» አሉ። «ጌታዬ ብቻ ነው የዘላለም። ልክ ይኑረው ነው የምለው፤ ልኩ ደግሞ ይነገረኝ። እኔ ቁልፍ ስሸጥ ‹ይህ ርካሽ ነው፣ ጥቂት ዓመት ያገለግልሃል፤ ያኛው ጠንካራ ነው› እላለሁ። ሰው አስቦ ይመርጣል። ይህ ስልክ ባትሪው ደህና፣ መስታወቱ ደህና፣ ድምፁ ደህና። ደህናውን ዕቃ ወርውሬ ሌላ ብገዛ፣ እሱም ከሁለት ዓመት በኋላ ‹ሞተ› ቢባልስ? አንቺ ‹ቀይር› ስትይኝ ለእነሱ መሸጫ ሆነሽላቸዋል እኮ፣ ልጄ። የእኔን ስንፍና ስትነቅፊ ከረምሽ፤ የእነሱን ክህደት ማን ይንቀፍ?»

ልጅቱ «እውነትህን ነው» አለች። «እኔ ያወቅሁት ቀዳዳውን ነው። ቀዳዳውን ማን ክፍት እንደተወው ግን አልጠየቅሁም። ስድስት ሰባት ዓመት እንጠግናለን ብለው በይፋ ቃል የሚገቡ ፋብሪካዎች አሉ። እነዚያ ከቻሉ ሌሎቹ የማይችሉበት ምክንያት የለም። አለመፈለግ ነው።»

አባትና ልጅ እዚህ ላይ ተገናኙ። አባት ያልተሰበረ ነገር ክፍት ሊሆን እንደሚችል ከልጁ ተማረ፤ ልጅ ደግሞ ዘመን የሚባለው ነገር ሰው የሚወስነው እንጂ እንደ ዝናብ ከላይ የሚወርድ አለመሆኑን ከአባቷ ተማረች።

ያልተረታው ሻጩ ብቻ ነበር። «እናንተ ትናገራላችሁ፣ እኔ ነኝ የምከስረው» አለ። «ይህ ስልክ ማሻሻያው ሊያልቅ ነው ብዬ ብናገር ገዢው ይወጣና ጎረቤቴ ጋ ይገባል። ጎረቤቴ ዝም ብሎ ይሸጥለታል። እውነት ተናጋሪ ሱቅ ይዘጋል።»

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ አንዲት ሴት ገባች። ፀጉር ሠሪ መሆኗን ከጥቁር ሽርጧና ኪሷ ላይ ከሰካችው ማበጠሪያ አወቅን። ለእናቷ ስልክ እንደምትፈልግ ነገረችው፤ እናቷ ሩቅ ናቸው፣ ገንዘብም በስልክ ነው የምትልክላቸው። ጣቷ በቀጥታ በርካሹና በሚያብረቀርቀው ላይ አረፈ። ሻጩ ካርቶኑን አወጣላት።

ጋሽ ጓጉንቸር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ጠይቂው። ይህን ስልክ ፋብሪካው እስከ መቼ እንደሚጠብቀው ይንገርሽ።»

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ሻጩን አየችው። «ምን ማለታቸው ነው?»

ሻጩ ካርቶኑን አየ፣ እኛን አየ፣ ልጅቱን አየ። ፊቱ ላይ ሁለት ሰዎች ሲታገሉ አየሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በመጨረሻ ካርቶኑን ወደ ራሱ ሳበው።

«የዚህ አልቋል» አለ። «ከእንግዲህ የሌባ መግቢያ ቢገኝበት የሚደፍነው የለም። ገንዘብ ለሚላክላቸው እናት ባይሆን ይሻላል።»

«ታዲያ ልትሸጥልኝ ነበር?» አለች ሴትዮዋ፤ ዓይኗ ፈጠጠ።

ሻጩ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ነበር» አለ። «አሁን ግን ነገርኩሽ።»

መስደቧን ሰደበችው፤ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። ነገር ግን አልወጣችም። ደረቷን ነፍታ፣ «የሚጠበቀው የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችው። ልጅቱ በስልኳ የፋብሪካዎቹን ማስታወቂያ እያየች ረዳችው፤ ብዙም ዋጋው የማይርቅ፣ ገና አራት ዓመት የሚጠገን ስልክ ተገኘ። ሴትዮዋ እሱን ገዛች። ስትወጣ ከደረጃው ላይ ተመልሳ፣ «እህቶቼም ሊገዙ ነበር፤ እዚህ እልካቸዋለሁ። ከዚህ በፊት የገባሁበት ሱቅ ይህን እንኳ አልነገረኝም» አለች።

ሻጩ በሩን ትክ ብሎ እያየ ቀረ።

«ጎረቤትህ ጋ ሄደች?» አሉት ጋሽ ጓጉንቸር።

«አልሄደችም» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ይደረድር ጀመር። «እህቴ፣ እባክሽ የእነዚህንም ቀን እይልኝ» አላት ልጅቱን።

ሰኞ ጠዋት ክሊኒኬን ልከፍት ስሄድ ጋሽ ጓጉንቸርን በሩ ፊት ተንበርክከው አገኘኋቸው። ልጃቸው መብራት ይዛላቸዋለች። አዲስ ቁልፍ እየገጠሙልኝ ነበር።

«ጋሽ ጓጉንቸር፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም እኮ» አልኳቸው። «እኔ ራሴ አስቀይረዋለሁ።»

«ቁልፍዎ የወጣው ከእኔ እጅ ነው» አሉ መፍቻቸውን ሳያቆሙ። «ፋብሪካው ስለካደኝ እኔ ደግሞ ደንበኛዬን ልካድ? በስልኬ ውስጥ ፎቶው ያለበትን ቤት ሁሉ እዞራለሁ።»

እውነትም ዞሩ። አንዳንዱ አመሰገናቸው፤ አንዳንዱ በር ላይ አቁሞ ወቀሳቸው። ልብስ ሰፊዋ ግን መጀመሪያ በሩን በፊታቸው ዘጋችባቸው። እሳቸው አልሄዱም። በተዘጋው በር በኩል የሆነውን ሁሉ ከሀ እስከ ፐ ነገሯት፤ ስልኩ እንዴት እንደተከፈተ፣ ፋብሪካው እንዴት ዝም እንዳለ፣ እሳቸውም ‹በኋላ› ሲሉ እንደኖሩ ሳይደብቁ። ልጃቸው እንደነገረችኝ፣ በኋላ መዝጊያው ተከፈተ። ሴትዮዋ ዓይኗ ቀልቶ፣ «እኔን ያቃጠለኝ መኪናዎቹ አይደሉም፤ እርስዎ ይሆናሉ ብዬ ማመኔ ነው» አለች። ሁለቱ መኪናዎች ከሌባው ቤት ተገኝተው ተመለሱላት፤ ሦስተኛው እስከ ዛሬ የለም።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ጓጉንቸር መደብሩ ውስጥ ሆነው በልጃቸው እየተመሩ ወደ ፋብሪካው ወኪል ቢሮ ደውለው ነበር። ድምፁን ከፍ አድርገን ሁላችንም ሰማን። ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት «የደንበኞቻችን ደህንነት ቅድሚያ የምንሰጠው ጉዳይ ነው» አለቻቸው። «ታዲያ ስልኬን ጠግኑልኝ» አሏት። «የእርስዎ ስልክ የድጋፍ ጊዜው አብቅቷል» አለች። «ማብቃቱን ለምን አልነገራችሁኝም?» ሲሏት ያንኑ ለስላሳ ዓረፍተ ነገር ደገመችው። ሦስት ጊዜ ጠየቋት፤ ሦስት ጊዜ ደገመችው። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። የሚያሳፍረው እኮ ይህ ነው! ሰው ዕቃውን ሸጦ ሲያበቃ ገዢውን የማያውቀው ከሆነ፣ ትልቅ ሕንፃና የሚያምር ምልክት ስላለው ብቻ ከመንገድ ዳር አጭበርባሪ በምን ይለያል?

ቁጣ ግን ብቻውን ከቀረ ጉሮሮ ከማድረቅ በቀር ጥቅም የለውም። ሻጩ በየስልኩ ዋጋ ሥር «ፋብሪካው የሚጠብቀው እስከዚህ ዓመት ነው» ብሎ መጻፍ ጀመረ። ያለቀባቸውን ለይቶ፣ ማለቁን ተናግሮ፣ ለሙዚቃና ለሬዲዮ ብቻ ለሚፈልግ ሰው አራገፋቸው። ፀጉር ሠሪዋ ለደንበኞቿ አወራች፤ የፀጉር ቤት ወሬ እንዴት እንደሚሮጥ የማያውቅ የለም። ሰው ወደ ሌሎቹ መደብሮች እየገባ «እስከ መቼ ነው?» ማለት ጀመረ፤ ያልጻፉት ሻጮች ገዢ ሲርቃቸው ጻፉ። ጋሽ ጓጉንቸርም ብዙ ዓመት የሚጠበቅ ስልክ ገዙ። ማሻሻያ መጣ ሲላቸው ሥራቸውን አቁመው ያስገቡታል፤ ደንበኛ ቢቸኩልባቸው «ትንሽ ጠብቅ፣ በሬን እየዘጋሁ ነው» ይሉታል። የቁልፍ ፎቶ በስልክ መቀበልንም ፈጽመው ትተዋል።

አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙ ይህ ነው። ማሻሻያውን በወቅቱ የሚያስገባ ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን ያመኑትን ሁሉ ቤት ይጠብቃል። ሲገዛ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ገና ደህና የሆነ ዕቃ እንዲጥል አይገደድም፤ ያለውም እስኪያረጅ ያገለግለዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለሌላ ለማንም አይደለም።

በቅርቡ እዚያ መደብር ሳልፍ የአስመጪው ሠራተኛ አዲስ ካርቶኖች ይዞ መጥቶ አየሁ። ሻጩ አልከፈታቸውም። «እስከ መቼ ነው የሚጠበቁት?» አለው። ሠራተኛው፣ «እሱን እኔ አላውቅም፤ ማን ይጠይቅሃል ብለህ ነው?» ብሎ ሳቀ። ሻጩ አልሳቀም። ካርቶኖቹን በሁለት እጁ በጠረጴዛው ላይ ወደ ሰውዬው ገፋቸውና፣ «ሁሉም ሰው» አለው።